ሊጉ በቆመበት ሰሞን ያሸሁት እግር

ሚያ. 20፣ ማክሰኞ ጠዋት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አስቴር ናት፤ ቃሉ የእኔ የወጌሻው ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የበረኛችን አውራ ጣት ድኗል፣ በስልክ ነገረኝ። ተከላካዩ ጉልበቱን እያሳረፈ ነው። አምበሉ አልደወለም፤ ወፍሮ ይሆናል። አንተ ደብተር፣ ይህን የማስጽፍብህ ሊጉ ሲከፈት የማን እግር ከምን ላይ እንደቀረ እንዳይጠፋኝ ነው። ድሮ ከልምምድ በኋላ ለአሰልጣኙ በአፌ እነግረው ነበር። አሁን እሱም ቤቱ፣ እኔም ቤቴ። ካምፑ ተዘግቷል። ልጆቹ ወደየአገራቸው ተበትነዋል። በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ ላልተወሰነ ጊዜ ቆሟል ይላሉ። ላልተወሰነ ማለት እስከ መቼ ነው? አስቴር ሳቀች። አያስቅም።

እጅ ታጠቡ። አትጨባበጡ። አትጠጋጉ። እሺ። የእኔ ሥራ ግን መንካት ነው። ሳልነካ ምኑን ወጌሻ ሆንኩት?

ሚያ. 23፣ ዓርብ ማታ

ከሰዓት ዝናብ። አስቴር ሾላ ገበያ ሄዳ ሳለ ቢኒ መጣ። የግራ ክንፋችን ነው፣ የአርባ ምንጭ ልጅ። አገሩ አልገባም፤ መገናኛ አካባቢ ከጓደኛው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል። ሊጉ ሲከፈት ቦታዬን እንዳላጣ ብሎ ብቻውን እንጦጦ ላይ ይሮጣል። ዛሬ ባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁለቱ አንሸራተተው። እስከ እኛ ሰፈር፣ እስከ ወሰን፣ እያነከሰ ወረደ። ሐኪም ቤት ብሄድ ክለቡ ይሰማል፣ ተጎዳ ተብዬ እቀራለሁ አለኝ።

ሰው አትጠጋ አልተባልክም ወይ አልኩት።

«ፋዘር ደግሞ! እርስዎ መቼ ሰው ሆኑ? ወጌሻ ነዎት እኮ!»

ባለጌ። አሳቀኝ። ደግሞም ተጎድቶ ከደጄ የመጣ ሰው መልሼ አላውቅም። አስቀመጥኩት። ወለምታ ነው፤ ስብራት የለውም። ቅቤ አሙቄ አሸሁት። ጮኸ፣ እናቱን ጠራ። ገላው ይፋጃል። ወለምታው ነው ያተኮሰው አልኩ፤ ስንቱን አይቻለሁ። ጭምብሉ አገጩ ላይ። እኔ ጭራሽ የለኝም። ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ጠፍሬ ሰደድኩት።

አስቴር መጻፍ አቆመች። እማዬን እያወቅህ፣ አባዬ? ትላለች። ባለቤቴ ዘነበች አስም አለባት። አውቃለሁ። የወለድኩት አይቆጣኝም። ዝጊው።

ሚያ. 28፣ ረቡዕ ጠዋት

ሊጉ ተሰረዘ። ዋንጫ የለም፣ ወራጅ የለም፣ ዓመቱ እንዳልነበረ ሆነ። በራዲዮ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራዲዮኑን እሰድበው ነበር። ዛሬ ዘጋሁት። ከዜናው በፊት የክለቡ ትጥቅ ያዥ ደውሎ ነበር። ቢኒን አምቡላንስ ወሰደው። ሳል፣ ትኩሳት። ተመርምሮ በሽታው ተገኘበት። ጓደኛውን ለይቶ ማቆያ አስገብተውታል። ማን ጋ ሄደህ ነበር ሲሉት፣ ማንም ጋ ብሏል። እኔን ማዳኑ ነው፣ ሞኝ ልጅ።

ያ ትኩሳት የወለምታ አልነበረም። እጄ አሳሳተኝ። በዚህ ዕድሜዬ እጄን ተጠራጥሬ አላውቅም። አሁን ጭኔ ላይ አስቀምጬው የሰው እጅ ይመስለኛል።

ዕቃ ቤት ፍራሽ አነጠፍኩ። ለዘነበች ጀርባዬን አሞኛል አልኳት። አላመነችም። «ሽማግሌው አኩርፎ ዕቃ ቤት ገባ ብለው ጎረቤት ይሳቁብን» አለች። ይሳቁ።

ሚያ. 29፣ ሐሙስ ማታ

አስቴር ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ናት፤ ጃንጥላ ይዛ ትጽፋለች። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ከውስጥ እናገራለሁ። ዘነበች ታስላለች። ብርድ ሲሆን ሁሌም ታስላለች። ሁሌም። ይሄኛው ግን የቱ ነው? ስታስል እፈራለሁ። ዝም ስትል ይብሳል፤ ተነሥቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ።

አስቴር፣ የምለውን ጻፊ፤ አታቋርጪኝ። ዓርብ ዕለት ያላስጻፍኩት አለ። የእናትሽን ጉልበት ማታ ማታ እንደማሽ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ቢኒ እንደወጣ ጠራኋት። ቅቤው ገና ሙቅ ነበር። ይባክናል ብዬ የተረፈውን ለእሷ። እጄን አልታጠብኩም። ቅቤ የያዘ እጅ ታጥቦ ሌላ ቅቤ ይነከራል? እንዲያ አድርጌ አላውቅም። በዚያው እጅ ሁለቱንም ጉልበቷን። ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ አየኋት።

ብዕሩ ቆመ። ስታለቅስ እሰማለሁ።

አሁኑኑ ለጤና ቢሮ እንደውል አለች። አይሆንም አልኩ። ከወሰዱን ሁለታችንንም ነው። እሷን አንድ ቦታ፣ እኔን ሌላ ቦታ። ያ ሁሉ የጠፈር ሰው የመሰለ ሐኪም ከብቧት ትንፋሽ ሲያጥራት ማን ጀርባዋን ይደግፋል? ወይም የእኔን ብቻ እንናገር፤ እኔን ይውሰዱኝ፤ የጉልበቱ ነገር ይቅር። አስቴር ተነሥታ ገባች። በዝናቡ ጫማዋን ሰማሁ፤ ይህችን መጨረሻ ያስጻፍኳት በማግስቱ ነው።

ሚያ. 30፣ ዓርብ ጠዋት

ዘነበች በሩ ላይ መጣች። ራቂ አልኳት። ራቀችና ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ። አስቴር ነግራታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የታሸው የእኔ ጉልበት፤ ደባቂው አንተ?»

ለአንቺ ፈርቼ ነው አልኩ።

«እኔን ሳትጠይቅ ለእኔ ትፈራለህ? እኔም እኮ ፈርቻለሁ። ሌሊቱን ብቻዬን ስፈራ አደርኩ። ንገራቸው።»

ከዚያ ሳል ያዛት። በርሜሉን ተደገፈች። ልይዛት አንድ እግሬን ከደፉ አወጣሁ። እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ። እዚያው ቆምኩ። ሰው ሲያጋድል ቆሜ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሉ ሲለቃት ቀና አለች፤ አየኋት፣ አየችኝ።

አስቴር ደወለች። ስማችንን ሰጠች። እየመጡ ነው። ሦስታችንንም ይመረምራሉ። ለዘነበች የትንፋሽ መድኃኒቷን ቋጠርንላት። አንድ ቦታ አድርጉን ብዬ እለምናለሁ፤ ለምኜ አላውቅም፣ እለምናለሁ። እምቢ ካሉም እምቢታቸውን እሰማለሁ።

ሁሉንም በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። የቢኒን እግር፣ ቅቤውን፣ ያልታጠበውን እጅ፣ ጉልበቷን። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። መኪናው በር ላይ ሲቆም፣ ጎረቤት አጥር ላይ ሲንጠለጠል፣ ምላሴ ጉልበቷን ሊዘል ይችላል። አስቴር፣ የትናንቱን ግለጪ። ከቅቤው ጀምረሽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ እናትሽም ትስማ፣ ብዘል እንድታርመኝ።