ዘመም ያለው ፎቶግራፍሽ

ውድ አስካለ፣

ከተለያየን ይህ ሦስተኛው መስቀል ነው። ደመራው ሲለኮስ አንቺ ትቆሚበት በነበረው ቦታ ልጃችን ምሕረት ቆመች። ዋጫ ከተማ ተመድባ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሆኗል። ጓሮ የተከልሽው እንሰት ከማዕድ ቤቱ ጣሪያ በላይ ወጥቷል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ዓይኔ ድኗል።

መታመሙንም አታውቂም፤ የጀመረኝ አንቺ ካረፍሽ በኋላ ነው። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ በደንብ ሳይጠረግ እንደተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ሆነብኝ። ከዚያ ንባብ ቀረ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ያለ ንባብ ምን ይሠራል? ገበያ ላይ የማላውቀውን ሰው ወዳጄ መስሎኝ አቅፌ ሳምኩት። ሰውየው ግራ ቢገባውም የቤተሰቤን ደህንነት ጠይቆኝ ሄደ።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍሽ ነበር። ፊትሽ ቀስ በቀስ ከነጠላሽ ጋር አንድ ነጭ ነገር ሆነ። ዳግመኛ አላይሽም ብዬ ፈራሁ። ለምሕረትም አልነገርኳት፤ ሥራዋን ትታ እኔን ልትጠብቅ ነው ብዬ።

እሷ ግን ደረሰችበት። ታውቂኛለሽ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄጄ የዘመመ ሥዕል ካየሁ ሳላቃና አልቀመጥም። አንድ ቅዳሜ ስትገባ ያንቺ ፎቶግራፍ ወደ ግራ ዘሞ፣ እኔ ከፊት ለፊቱ ተረጋግቼ ተቀምጬ አገኘችኝ። ፎቶግራፉን አየች፣ እኔን አየችና፣ «አባዬ፣ ማየት ካቆምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ይዛኝ ጅማ ሄደች። ሐኪሞቹ የዓይኔን ሞራ ገፈፉልኝ። ፋሻው ሲነሣ ነርሷ ጠጋ ብላ ምን እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ። የጋውኗ ሁለተኛ ቁልፍ ቀለሙ በተለየ ክር እንደተተከለ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «አባባ፣ ዓይንዎ ድኗል፤ አመልዎን ግን እዚህ አናክምም» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ምሕረት አንቺን አስመስላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ አየኋት። አየኋት፣ አስካለ።

ወደ ቤታችን ቦንጋ ስንገባ ዝናብ ነው። ጫማዬ ላይ የተፈናጠቀውን ጭቃ አይቼ ላማርር ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። እኔ ከሌላ አገር ተመድቤ መጥቼ ጭቃውን ስራገም፣ አንቺ «እንሰቱ ጠጣ» ትዪ ነበር። ራት ቀርቦ ደግሞ እያንዳንዳችን የቀኑን አንድ ደግ ነገር ሳንናገር እጃችንን ወደ ማዕዱ እንድንዘረጋ አትፈቅጂም። እኔ «ደህና ዋልኩ» ብዬ ላልፍ ስሞክር፣ እንዲህ ያለ መልስ ከተማሪ ትቀበል ነበር ወይ ብለሽ ትይዢኛለሽ። ለእኔ ያ ሁሉ ምስጋና ላልተሠራ ጥያቄ ማርክ መስጠት ይመስለኝ ነበር። ለካስ የምትጠይቂን በጥንቃቄ ማየትን ኖሯል፤ ያውም የእኔን ሙያ።

ያን ዕለት ማታ ምሕረት ቆጮውን አቅርባ፣ በአንቺ ፈንታ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ወደ ግድግዳው ቀና አልኩ። ፊትሽ ከነጠላሽ ተለይቷል፤ አገጭሽ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ እንኳ ትታያለች። ምሕረት ወደ ጅማ ከመሄዳችን በፊት ፎቶግራፉን አቃንቼዋለሁ ብላኝ ነበር።

«ፎቶግራፉ አሁንም ዘመም ብሏል» አልኳት።

ቆጮውን በእጇ እንደያዘች አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች። እንዲህ ያለ ሙሉ መልስ ከእኔ ሰምታ አታውቅም።

ላቃናው ተነሥቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ እንደዘመመ ነው። ጠዋት ስነቃ በመጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እጄን ይበላኛል፤ ግን አልነካውም። እንደዘመመ እየታየኝ ይኑር። እኔም በሕይወት እስካለሁ አንቺን እያሰብኩ፣ የማታ ጥያቄሽን ሳልመልስ ራት አልበላም።

ባለቤትሽ