ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁበት ምክንያት

ይድረስ ለልጄ ለኻሊድ ሱሌማን፣ ኮሪያ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ? የፋብሪካው ሥራ በረታብህ ወይስ ቀለለልህ? ባለቤትህስ? ሚናዬስ? ያ የሚነቃነቀው ጥርሷ ወለቀ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ለጉድ ነው። እኔም መቀመጥ አቅቶኛል፤ ሱቁን ከፍቼ እወጣለሁ፣ ባሮ ዳር ደርሼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ።

በኢዱ ዕለት ስልኩን የዘጋሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ሚናን የየት አገር ሰው ነሽ ብዬ ባስጠይቃት ፈጠን ብላ “ሀንጉክ ሳራም” አለች። አንተም ኮሪያዊት ነኝ ማለቷ ነው ብለህ ሳቅክ። ምኑ ያስቃል? የልጄ ልጅ አይደለችም እንዴ! አማርኛስ ቢሆን አንዲት ቃል የላት። ሳምንቱን ሙሉ እናትህን በነገር ስጠብሳት ሰነበትኩ።

በኋላ ጎረቤታችን ኛማል፣ ያቺ የኮሪያ ድራማ ስታይ የምትውለው የኑዌር ልጅ፣ ስኳር ልትገዛ መጥታ ኩርፊያዬን አየችና ታስተምረኝ ጀመር። በአገሩ ስም ላይ “ሳራም” ሲጨመር ሰውየው፣ “ማል” ሲጨመር ቋንቋው ይሆናል አለችኝ። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ደንበኛውን ሁሉ ሳራም ሳራም ስል ዋልኩ። ታውቀኛለህ፣ ለገበያ ሲሆን ምላሴ አይታማም፤ ለኑዌሩ በኑዌር፣ ለአኙዋው በአኙዋ ነው የምሸጠው። ስልጢኛስ ብላት፣ ስልጤ ማል በል አለችኝ። አልኩ። ቋንቋውን ግን አልችለውም፤ የገዛ አባቴን ቋንቋ! እናቴ የጎሬ ሰው ስለነበረች ቤታችን አማርኛ ነበር። እሱ በስልጢኛ ሲያናግረኝ እኔ በአማርኛ እመልስለት ነበር።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። አያትህ በሞተበት ቀን አማርኛው ጠፍቶበት አንድ ነገር ደጋግሞ ይለኝ ነበር። አልገባኝም። ዱዓ የሚያደርግልኝ መስሎኝ እጁን ይዤ አሚን፣ አሚን ስል ዋልኩ። ድምፁ ይኸው ሃያ ዓመት ከጆሮዬ አልወጣም። ባለፈው ጁምዓ ጨክኜ ለጨርቅ ነጋዴው ለሐጂ ሸሪፍ፣ እሳቸው ስልጤ ናቸውና፣ እንደሰማሁት አልኩላቸው። ጎኔን አሞኛል፣ አዙረኝ ማለት ነው አሉኝ። አዙረኝ ነበር የሚለኝ፣ ልጄ!

ሐምሌ ላይ ስትመጡ ሚና የፈለገችውን ሳራም ትሁን፣ አልቆጣም። አንተ ግን ከዛሬ ጀምረህ በአማርኛ አናግራት፤ አንተም አንድ ቀን ትደክማለህና።

እናትህ ፈትሂያ በዓይኔ ላይ ናችሁ ትላለች። እህትህ ሪድዋና፣ ኛማልም ሰላም ብለዋል። ባለቤትህን ስለተናደድኩት አፉ በይኝ ብሏል በልልኝ። ሚናን ደግሞ ጉንጯን ሳምልኝና አያትሽ የእናንተን ቋንቋ ጀምሯል በላት። አሞኛል ማለት በኮሪያ “አፓዮ” ነው አሉ። እዚህ መጥታ አፓዮ ካለችኝ አሚን አልላትም።

አባትህ ሱሌማን
ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.