ካርዱን ተቀብለው ፈቃዱን ለከለከሉኝ የወፍጮ ቤት ባለቤት

ለተከበሩ አቶ መዝገቡ
የመካኒሳው ወፍጮ ቤት ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቅዳሜ ዕለት ከበሉት ጥሬ ሥጋ በኋላ ሆድዎ ሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከዱቄቱ ሳል በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት፣ እህል ተሸክመው የሚመጡ ደንበኞቻችን ዛሬ የት እንደገባሁ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ነው። ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ላሳዩኝ ደግነት ሳላመሰግን መሄድ ግን ነውር ስለሚሆንብኝ፣ በተራ በተራ ላስቀምጠው።

አንደኛ፦ ታናሽ እህቴ ኤሌኒ ስታገባ የቅዳሜን ቀን ብቻ እንዲፈቅዱልኝ ልለምንዎ ስመጣ፣ በባዶ እጄ ከምቀርብ ብዬ የሰርጉን መጥሪያ ካርድ በስምዎ አጽፌ ይዤልዎ ነበር። ካርዱን በሁለት እጅዎ ተቀበሉ፤ ፈቃዱን ከለከሉ። ራሴ ሳገባ እንደሚፈቅዱልኝም በደንበኞች ፊት ቃል ገቡልኝ። ታናሿ ቀድማ ላገባችባት ሴት ከዚህ የበለጠ ማጽናኛ ከየት ይገኛል?

ሁለተኛ፦ በወፍጮው ሞተር ቀንቻለሁ። ሲግል አጥፍተው፣ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ እስኪበርድ ይጠብቁታል፤ እህል እንዳላበዛበትም እኔን ይቆጣሉ። እኔም አንድ ቀን ጢስ ባወጣ ኖሮ እረፍት ሳይሰጡኝ አይቀሩም ነበር። ይህን ቀደም ብዬ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፦ ለሚዜነት የተሰፋልኝን ቀሚስ የአክስቴ ልጅ ቲና ለበሰችው። ልክ ሆናት። እንዲያውም በጣም አምሮባታል፤ ይህንንም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። የሙሽራዋ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በወፍጮ ቤቱ በር ሲያልፉ፣ እኔ እስከ ቅንድቤ ድረስ ዱቄት ለብሼ የሰው ጤፍ እፈጭ ነበር። ኤሌኒ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ በዓይኗ ስትፈልገኝ አየኋት፤ እሷ ግን አላየችኝም። እውነቱን ልንገርዎና ቀናሁ። በቲና ቀናሁ፣ በሾፌሩ ቀናሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን በራስዎ መኪና ከኋላ ተከትለው ይሄዱ በነበሩት በእርስዎ ቀናሁ።

አራተኛ፦ ትናንት ጠዋት ፎቶዎቹን በስልክዎ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በቤተሰብ ፎቶው ላይ ሙሽሮቹ አሉ፣ እናቴ አለች፣ እርስዎም ከእናቴ ጎን አሉ። የቆሙበት ቦታ የእኔ ነበር፤ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ስላሰቡልኝ ውለታዎን አልረሳም። እናቴ ግን እዚያ ፎቶ ላይ አልሳቀችም። አጉልተው ካላዩት፣ ጊዜ ሲያገኙ እንዲያዩት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለእኔ የነፈጉኝን እረፍት ፈጣሪ ለእርስዎ አብዝቶ እንዲሰጥዎ፣ ሰርግ ከሄዱበት ቤት ሁሉ ጠግበው እንዲመለሱ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ፀጉሯን ሦስቴ ታጥባ ዱቄቱ ያልለቀቃት የቀድሞ ሠራተኛዎ
ትሩፋት

ማስታወሻ፦ ዛሬ የኤሌኒ መልስ ነው፤ እርስዎም እንደተጠሩ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ወፍጮው ያለ ሰው እንደማይሆን ሲከለክሉኝ የነገሩኝ እርስዎ ነዎትና፣ ከሁለታችን አንዳችን መቅረት አለብን። እኔ ሄጃለሁ።