ለወሊድ ያስገባኋት ምትክ

ኅዳር 18፣ 2006
አሠሪዬ ማዳም ጀዋሪያ ከቢሮ እየሳቀች ገባች። ስትወልድ ከሦስት ወር በላይ ቤቷ ልትቀመጥ ነው፣ ደሞዟ ሳይነካ። ሥራ ስትመለስም በየቀኑ ለማጥቢያ አንድ ሰዓት ይሰጧታል። ጀርባዬን ሰጥቼ ዓሣውን እየጠበስኩ ሰማኋት። እኔም አርግዣለሁ... ገና አልነገርኩም። ለእኔስ ማን ይከፍላል? ባሌ ጫላቸው እንደሆነ ከዶራሌ ወደብ በከባድ መኪናው ኮንቴይነር ጭኖ ወደ አገር ቤት ከወጣ ወሬው የለም።
ቀናሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ።

የካቲት 3
ማዳም አራስ ናት። ገንፎውን የማገነፋ እኔ፣ ሕፃኑን የማጥብ እኔ። ራያን ብለውታል። ከእኔ ትከሻ በቀር እንቅልፍ አይወስደውም። "ቀማሽኝ እኮ!" አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ሚያዝያ 9
ሆዴ ገፋ። ነገርኳት።
"ምትክ አምጪና ሂጂ። ቦታሽ ይጠብቅሻል።" ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል።
እዚህ ያለን የሐበሻ ሠራተኞች ወጋችን ነው፤ የምትወልድ ምትክ ታስገባለች፣ ምትኳ ደሞዙን ታካፍላታለች። የወሊድ ፈቃዳችን ይኸው ነው።
ማንን ላስገባ? ሀዊ ቀልጣፋ ናት፣ ሶማሊኛውን ታንበለብለዋለች። ቦታዬን ትወርሰኛለች... አይሆንም! ትግስት ትሻላለች። ከወሎ በቅርብ የመጣች፣ ዕቃ ሰባሪ፣ ቋንቋ የሌላት። እሷን ሲያዩ እኔን ይናፍቃሉ።

ግንቦት 20
ትግስትን አስገብቼ ወጣሁ። ካርቲየ 2 ሰፈር ከጫላቸው ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይተናል። ስወጣ ራያን አለቀሰ። እሰይ።

ሰኔ 27
ሴት ልጅ ወለድኩ። ጫላቸው አልደረሰም።

ሐምሌ 19
ትግስት ድርሻዬን ይዛ መጣች።
"ብርጭቆ ሰበርሽ?"
"ሁለት።"
"ማዳም ተቆጣች?"
"ኧረ ሳቀች። ራያን እኮ እኔ ካላጎረስኩት አይበላም፣ እትዬ።"
ምን አስጠየቀኝ?

ነሐሴ 24
ልጄን አዝዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ለራያን እጄን ዘረጋሁለት። ትግስት አንገት ሥር ተወሽቆ ጮኸ። አላወቀኝም።
ማዳም የጀርባዬን ልጅ አየቻት። "ፋናዬ... አንቺ አሁን ልጅ አለሽ። ትግስት የላትም። እሷው ትቆይልኝ።"
ማዳምስ ቢሮ ስትመለስ ልጅ አልነበራትም? ይሄ የመጣልኝ ግን ወጥቼ መንገድ ላይ ነው።

መስከረም 2፣ 2007
ትግስት የመጨረሻውን ድርሻዬን አመጣች። ተቀበልኳት። ኩራት ወተት አይገዛም።
"እትዬ፣ አንድ ቃል ይበሉኝ፣ ዛሬውኑ እወጣለሁ።" ዓይኗን አየሁት። ከልቧ ነው። ያውም ደግ ናት! ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት? ጠልቻት ይወጣልኝ ነበር።
ውጪ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ብትወጣም ማዳም ሌላ ታስገባለች እንጂ እኔን አትጠራም። ያ ሕፃን ደግሞ ሌላ ትከሻ ሊለምድ ነው...
ልጄን ታቅፋ ቁጭ ብላለች። ተቀበልኳት።
"በይ ሂጂ" አልኳት። "ራያን ከእንቅልፉ ሲነሳ ያጣሻል።"