ጓንዡ ሳይደርሱ ለቀሩት ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ በኃይሉ
የ«ቅጽበት» ሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ቡታጅራ

አሰላሙ ዐለይኩም፤ በእርስዎ ወግ ደግሞ ጤና ይስጥልኝ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ቆሞ በሚውል ሚኒባስ ውስጥ መቀመጡን እኛ ለምደነዋል፤ ለእርስዎ ግን አዲስ ስለሆነብዎት አሳስቦኝ ነው። እኔ በአላህ ቸርነት ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ እንደ ሙሽራ ፈክቼ እየዋልኩ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ልጄ ሳቢሪን አምና ከጆሃንስበርግ ወደ ጅዳ ስትሄድ፣ አውሮፕላን እስክትቀይር ግማሽ ቀን ቦሌ ነበረች። አይቼው የማላውቀውን የልጅ ልጄን ናጃህን አቅፋ በር ላይ ልትጠብቀኝ ተቀጣጠርን። እሷ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህሉን በአምስት ሰዓት ተኩል ጨርሳ ደረሰች። እኔ ጎህ ሳይቀድ የማኅበርዎ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ገና መናኸሪያችን ነበርኩ። እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ዓለም ይህን ያህል ሰፊ መሆኗን ከየት አውቅ ነበር?

፪. ረዳቱ «እናቴ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ ግቢ!» ሲለኝ አምኜ ገባሁ። ሒሳብ እንደከፈልኩ አንዱ ውሃ ሊገዛ፣ ሌላው ካርድ ሊሞላ እያለ ወርዶ በዚያው ቀረ። ለካ መኪናው ሙሉ እንዲመስል የምታስቀምጧቸው የማኅበሩ ልጆች ናቸው! ጥያን ስናልፍ ሳቢሪን ደውላ «እማ፣ አሁን ካልገባሁ በሩ ይዘጋብኛል» ብላ አለቀሰች። ቦሌ ስደርስ ናጃህ ሰማይ ላይ ነበር። አቤቱታ ይዤ ቢሮዎ ስመጣም «ወይዘሮ ባሂራ፣ ከቸኮሉ ለምን በአውሮፕላን አይሄዱም ነበር?» ብለው ሠራተኞችዎን ስላሳቁብኝ ውለታዎን አልረሳም፤ እንዳልረሳሁት ደግሞ አይተውታል።

፫. በግ አርደው ለቻይናው የጓንዡ ጉብኝትዎ ከተማውን ሁሉ ሲሰናበቱ ደስ አለን። ማክሰኞ ለታ መኪናዎ ጋራዥ ገብቶ ቦሌ ድረስ በገዛ ማኅበርዎ ሚኒባስ ለመሄድ መወሰንዎማ ትሕትናዎን ይመሰክራል። ሁለት ሰው ብቻ የጎደለውን መኪና አይተው ጋቢና ሲሰየሙ፣ ከኋላ የሞላነው የአንድ እድር ሴቶች መሆናችንን አላስተዋሉም። የማኅበሩን ልጆች ቁርስ ጋብዘን አሳርፈናቸው ነበር፤ እነሱም ሰው ናቸው፣ ይደክማቸዋል። ዓለምዘውድ «ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ» ብላ ስትወርድ ዛህራ ትገባለች፤ ዛህራ «ስልኬን ረሳሁ» ብላ ስትወርድ ፈቲሀ ትገባለች። ሁልጊዜ የሚጎድለው ሁለት ሰው ነው፤ እርስዎም ሁልጊዜ «አሁን ይሞላል» ይላሉ። በመጨረሻ «ንዳው!» ብለው ሲጮኹ፣ ተራ አስከባሪው «ጋሼ፣ ሳይሞላ የወጣ መኪና ይታገዳል ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለዎት። ያን ጊዜ ላብዎን የሚጠርጉበት ሶፍት ከኋላ ያቀበለችዎ እጅ የእኔ ነበረች።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደስታ አስረሳኝ። ጓንዡ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ሌሊት በረራ ነው አሉ። አውሮፕላንዎ ያንን ሲያጋምስ እርስዎ ጥያን እንኳ አላዩም።

ክብርዎን ከጋቢና ወንበር ዝቅ አድርጋ የማታይ፣ ምንጊዜም ከኋላዎ የማትጠፋ፣
የናጃህ አያት ባሂራ ሸምሶ

ማስታወሻ፦ ሳቢሪን በሚቀጥለው ወር ናጃህን ይዛ እንደገና በቦሌ ታልፋለች። እኔ ከዋዜማው አዲስ አበባ አድራለሁ፤ የምሄደው በማን መኪና እንደሆነ አይጨነቁ፣ በእርስዎ አይደለም። እርስዎ ግን ትኬትዎን ካሳደሱ ቀኑን ይንገሩን፤ እነ ዓለምዘውድ ወንበር ይይዙልዎታል።