ከጭኗ እንዳትቆርጥ

ዴዝ፣
ሳልሰናበትህ የሄድኩት ወደ ዱቦ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው።

የበጎቹን ጸጉር ውፍረት የሚለካው ሰውዬ ነገ ማሽኑን ይዞ ይመጣል። ናሙናውን ከበጓ ጎን፣ ከኋላ ሲቆጠር ሦስተኛው የጎድን አጥንት ላይ ቁረጥ፤ መቀሱን ከቆዳዋ አስጠግተህ። ከጭኗ እንዳትወስድ! እዚያ ጸጉሩ ወፍራም ስለሆነ ልኬቱ ይሳሳታል። ለእያንዳንዷ የራሷ ከረጢት፣ የጆሮዋ ቁጥር ይጻፍበት።

ውሻውን አብልቼዋለሁ።

አምና ወገቤን አሞኝ ስለነበር፣ የአርባ በጎችን ናሙና ለእጄ ስለቀረበኝ ከጭናቸው ቆረጥኩ። ጸጉራቸው ሻካራ ነው ተብሎ ቄራ የሄዱት እነሱ ናቸው። ምንም አልነበረባቸውም።

በጡጦ ያሳደግካት ዊኒም አብራቸው ነበረች። «ምን ላድርግ፣ ማሽን አይዋሽም» እያልክ፣ እያባበልክ መኪናው ላይ ያወጣሃት አንተ ነህ።
እኔ በሩን ይዤልህ ነበር።

ጋርት