የመምህርት ገንዘቤ አንለይ ዕረፍትና የናካዋው መጋዘን

የካምፓላ የጥንት እንስሳት ቅሪት ወዳጆች ማኅበር መሥራች አባልና የስብስቡ ኃላፊ መምህርት ገንዘቤ አንለይ ባደረባቸው ሕመም ትናንት እሑድ በ61 ዓመታቸው በኪዋቱሌ መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ማኅበራችን መሪር ሐዘን ተሰምቶታል። ሐዘኑ ጸጸትም አለበት፤ አንደብቀውም።

መምህርት ገንዘቤ ለሃያ ሁለት ዓመታት ባዮሎጂ አስተምረዋል። ልባቸው ግን ከውሃ ወደ የብስ በወጡት የመጀመሪያዎቹ ባለ አራት እግር እንስሳት ላይ ነበር።

በ2011 እ.ኤ.አ. ሌሎቻችን ተራ ነው ብለን የተውነውን የድንጋይ ሰሌዳ በመርፌና በጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ጀመሩ። ከአራት ዓመት በኋላ አምስት የእግር ዱካና የተጎተተ ጅራት መስመር ወጣ። ሰሌዳው ከረጋ ጭቃ የተሠራ ስለሆነ ውሃ ከነካው ይፈርሳል።

በ2016 ስብስቡ በናካዋ ረግረግ ዳር ወደሚገኝ ምድር ቤት ተዛወረ። እሳቸው ተቃወሙ፤ በድምፅ ተሸነፉ። መጋዘኑም እንደ ዕድር ሣጥን ሦስት ቁልፍ ተበጀለት፤ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች፣ ማለትም እሳቸው፣ አቶ አድማሱና አቶ ኪብሮም፣ ካልተገናኙ አይከፈትም ተባለ። ከሰው ይልቅ ቁልፍ ማመናችን ዛሬ ያሳፍረናል።

ከ2019 ጀምሮ መምህርት ገንዘቤ በየዝናቡ ወራት ውሃው የደረሰበትን በአጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። የመጀመሪያው ምልክት ከመጋዘኑ በር ሃያ እርምጃ ይርቅ ነበር። ያለፈው ዓመት ምልክት ግን በሩ ላይ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ብቻ ቀረው።

ባለፈው የካቲት እንዲህ ጻፉልን፦ «እህት ወንድሞቼ፣ ውሃው ስብሰባ አይጠብቅም። ድንጋዩን ማኪንድዬ ኮረብታ እናውጣው፤ ፒክአፕ እኔ አመጣለሁ።» ሦስት ጊዜ ተቀጣጠርን። አንዴ ሠርግ፣ አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ የገበያ ዕቃ ከቁልፍ ያዦቹ አንዱን አስቀረ። እሳቸው ሦስቱንም ጊዜ በር ላይ ቆመው ጠብቀዋል።

ለልጃቸው ለወይዘሪት ሃኒ፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ነገ ማክሰኞ ይፈጸማል።

የሟች ቁልፍ እስከ አርባ ቀን አይነካም የሚለው ልማዳችን ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤ ቁልፉን ወይዘሪት ሃኒ አስረክባናለች። አቶ ኪብሮም በር ላይ ናቸው። አቶ አድማሱ ከጂንጃ ከተማ ተነሥተው በመምጣት ላይ መሆናቸውን አስታውቀዋል። ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም፤ ይህ መግለጫ ሲጻፍ ውሃው በበሩ ሥር መግባት ጀምሯል።

አቶ አድማሱ እስከ አስር ሰዓት ካልደረሱ በሩ ይሰበራል። ለዚህ ስብሰባ አልጠራንም።